ሁለቱ ተስቦዎች፦ ረቂቅ ተሕዋስያንን በስማቸው መጥራት

ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተባለው ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ከግማሽ በላይ ነን። እኔም አንዱ ነኝ። ትኩሳት ይይዘናል፣ ራስ ምታት ይጨመርበታል፣ ክሊኒክ እንሄዳለን። ደም እንሰጣለን። የምርመራው ወረቀት ሲመጣ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተጽፈው እናገኛለን። ሁልጊዜ አብረው ስለሚጠሩ ብዙ ሰው አንድ በሽታ ይመስሉታል። አማርኛውም አይረዳንም። ሁለቱንም «ተስቦ» እንላቸዋለን። መለየት ግድ ሲሆንብን ታይፎይዱን «የአንጀት ተስቦ» ብለን እናልፋለን።

የተጋበዝኩት ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን አካልና አመዳደብ እንድናገር ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህ ርዕስ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ ሰንጠረዥ ሲሰጥ ሳይ አዝናለሁ። ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ ይረሱታል። እኔ ግን ይሄ ሰንጠረዥ በሽተኛ ሲያድን አይቻለሁ። የሰንጠረዡ መምታታት ሰው ሲያሰቃይም አይቻለሁ። ስለዚህ በሁለቱ ተስቦዎች በር እንግባ።

ስሞቹ የመጡት ከአንድ የግሪክ ቃል ነው። ትርጉሙ ጭስ ወይም ጭጋግ ማለት ነው። የታመመው ሰው አእምሮው ጭጋግ እንደለበሰ ስለሚደነዝዝ ነው እንዲያ የተባለው። ታይፎይድ ማለት ደግሞ «ታይፈስ የሚመስል» ማለት ነው። ስለዚህ መምታታቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። በ1837 ዊልያም ጌርሃርድ የተባለ የፊላዴልፊያ ሐኪም ልዩነቱን በግልጽ ጻፈ። አስከሬን ከፍቶ ሲመረምር በአንደኛው በሽታ የሞቱት ሰዎች ትንሹ አንጀታቸው ቆስሎ አገኘ። በሌላኛው የሞቱት አንጀት ላይ ያ ቁስል የለም። ልብ በሉ፣ ያኔ የሁለቱንም በሽታ አምጪ ያየ ሰው አልነበረም።

አሁን አምጪዎቹን እንያቸው።

የታይፎይዱ ሳልሞኔላ ይባላል። ዘንግ የመሰለ ባክቴሪያ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሦስት ማይክሮሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህ ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ አራት መቶ ያህሉ ይገባሉ። ከአካሉ ዙሪያ ጅራፍ የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች ይወጣሉ፤ በእነሱ ይዋኛል። የሚተላለፈው በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ ነው።

ውስጡን ብንከፍተው ቤቱ ባዶ ሊመስል ይችላል። አስኳል፣ ማለትም ዘረመል የሚቀመጥበት ከረጢት፣ የለውም። ዘረመሉ እንደ ተጠቀለለ ክር መሃል ላይ ተቀምጧል። በዙሪያው በሺዎች የሚቆጠሩ ራይቦዞሞች አሉ። ራይቦዞም ማለት ፕሮቲን የሚሠራ ትንሽ ማሽን ነው፤ ስሙን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን። ከዚያ ስስ ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ውጪ ግድግዳ አለ።

ግድግዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ነገር የተደበቀው እዚያ ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ ከስኳርና ከአሚኖ አሲድ የተሸመነ መረብ ነው። ፔፕቲዶግላይካን ይባላል። የሰው ህዋስ ይህ መረብ የለውም። ፔኒሲሊን ሰውን ሳይጎዳ ባክቴሪያን የሚገድለው ለዚህ ነው፤ የሚያበላሸው የመረቡን ሽመና ነው። መረቡ የሌለው ተሕዋሲ ፔኒሲሊን ቢጠጣለት ባይጠጣለት ግድ የለውም።

ይህን ግድግዳ በቀለም የምንለይበትን መንገድ ጠረጴዛው ላይ እያሳየኋችሁ ልናገር። ይሄ ስላይድ ነው። ናሙናውን በጣም ስስ አድርጌ ቀባሁት። ደርቋል። እሳት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፈዋለሁ፣ መስታወቱ ላይ እንዲጣበቅ። አሁን ክሪስታል ቫዮሌት የሚባለውን ወይንጠጅ ቀለም አፈሰስኩበት። አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን። በውሃ አለቅልቀዋለሁ። ቀጥሎ አዮዲን፣ እሱም አንድ ደቂቃ። አዮዲኑ ከቀለሙ ጋር ተያይዞ ትልቅ ጓል ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ባክቴሪያው ሁሉ ወይንጠጅ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ቀጥሎ ነው። አልኮል ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ጥቂት ሰከንድ ብቻ። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ባክቴሪያ አልኮሉ ሲነካው መረቡ ይደርቅና ይጠብቃል። ጓሉ ውስጥ ይቀራል። ግድግዳው ስስ የሆነው ደግሞ ሁለተኛ፣ ውጫዊ ሽፋን አለው። ያንን ሽፋን አልኮሉ ያሟሟዋል፣ ስሱ መረብ ቀለሙን መያዝ ያቅተዋል፣ ታጥቦ ይሄዳል። በመጨረሻ ሳፍራኒን የሚባል ቀይ ቀለም እንጨምራለን። ወይንጠጁን የያዘው ግራም ፖዘቲቭ ነው። የለቀቀው ቀይ ይሆናል፤ ግራም ኔጋቲቭ እንለዋለን። ሳልሞኔላ ቀይ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አልኮሉን አበዛሁት። ወይንጠጅ መሆን የነበረበት ሁሉ ቀይ ሆኖ ታየኝ። ውጤቱን ጻፍኩ። በዕድሜ የምትበልጠኝ ባልደረባዬ ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት ስላይዱን አይታ «እንደገና ሥራው» አለችኝ። ሠራሁት፤ ወይንጠጅ ሆነ። ያቺ ወረቀት ወጥታ ቢሆን በሽተኛው ሌላ መድኃኒት ይታዘዝለት ነበር። እስከ ዛሬ አልኮል ስጠቀም ሰከንዱን በአፌ እቆጥራለሁ።

ዘዴውን ያገኘው ሃንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም ነው። በ1884 በርሊን ላይ ነበር። ፍላጎቱ ባክቴሪያን መመደብ አልነበረም። በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ባክቴሪያው ጎልቶ እንዲታየው ነበር የሚጥረው። አንዳንዱ ቀለሙን ይይዛል፣ አንዳንዱ ይለቃል። ለምን እንደሆነ አላወቀም። ጽሑፉ ላይ እንኳ ዘዴው ገና እንከን እንዳለበት ነው የገለጸው። እኛ ግን ይኸው ከ140 ዓመት በኋላም በየቀኑ እንሠራበታለን።

ወደ ሁለተኛው ተስቦ እንሂድ።

ታይፈስን የሚያመጣው ሪኬትሲያ ይባላል። በቅርጹ እሱም ዘንግ ቢጤ ነው። በውጫዊ ሽፋኑም ከግራም ኔጋቲቮቹ ይመደባል። ግን በግራም ቀለም በደንብ አይታይም፣ ሳህን ላይ ባክቴሪያ በምናበቅልበት ምግብም አያድግም። የሚኖረው በሌላ ፍጥረት ህዋስ ውስጥ ብቻ ነው፤ በሰው ላይ በተለይ የደም ሥራችንን ከውስጥ በለበጡት ህዋሶች ውስጥ። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ስለዚህ ታይፎይድ የውሃና የምግብ ነገር ሲሆን ታይፈስ የልብስና የመጨናነቅ ነገር ነው። ጦርነት፣ እስር ቤት፣ መፈናቀል ባለበት ይነሳል።

ይህን ያወቅነው በሰው ሕይወት ነው። በ1909 ሻርል ኒኮል ቱኒስ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ነገር አስተዋለ። ታማሚዎቹ ውጭ ሳሉ ቤተሰባቸውን ያስይዛሉ። ልብሳቸውን የሚቀበሉና የሚያጥቡ ሠራተኞችም ይያዛሉ። ገላቸውን ታጥበው፣ የሆስፒታል ልብስ ለብሰው ክፍል ከገቡ በኋላ ግን ማንንም አያስይዙም። በሩ ላይ የሚቀረው ነገር ምንድን ነው? ልብሱና ቅማሉ። በዚህ ሥራው በ1928 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሃዋርድ ሪኬትስ ይህንኑ በሽታ ሲያጠና በ1910 ሜክሲኮ ውስጥ በዚሁ በሽታ ሞተ። ስታኒስላውስ ፎን ፕሮቫዜክ በ1915 እንደዚሁ ሞተ። በ1916 ብራዚላዊው ሄንሪኬ ዳ ሮሻ ሊማ ተሕዋሲውን «ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪ» ብሎ ሰየመው። የሁለት ሟቾች ስም ነው። ተማሪዎች፣ ይህን ስም ስትሸመድዱ እነሱን አስቧቸው።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አብረው የሚወጡት ለምንድን ነው? ብዙ ቦታ የሚሠሩት ሁለት ርካሽ ምርመራዎች ናቸው፤ የታይፎይዱ ዊዳል፣ የታይፈሱ ዌል ፊሊክስ ይባላሉ። ሁለቱም ተሕዋሲውን አያዩትም። የሚያዩት ሰውነታችን የሠራውን የመከላከያ ፕሮቲን፣ ፀረ እንግዳ አካሉን ነው። የታይፈሱ ምርመራ ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነው። ሪኬትሲያን አይጠቀምም። ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚጠቀመው። በ1916 ዌልና ፊሊክስ የታይፈስ በሽተኛ ደም ፕሮቲየስን እንደሚያጓጉል አዩ። ምክንያቱ የሁለቱ ባክቴሪያዎች ውጫዊ ሽፋን ላይ ያሉት የስኳር ሰንሰለቶች መመሳሰላቸው ነው። እናም አንድ ሰው በፕሮቲየስ ተይዞ ከነበረ ምርመራው ታይፈስ ሊል ይችላል። ዊዳልም እንዲሁ ነው። ድሮ ታይፎይድ የነበረበት፣ የተከተበ ወይም በሌላ የሳልሞኔላ ዘመድ የተያዘ ሰው «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። አደራ፣ የታዘዘላችሁን መድኃኒት አቋርጡ ማለቴ አይደለም። ወረቀቱ ምን እንዳየና ምን እንዳላየ እወቁ ነው የምለው።

አንድ የሰፈራችን ልጅ ነበር። የቀን ሥራ ይሠራል፤ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተደራርበው ያድራሉ። ታመመ። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ ሴፍትሪያክሶን መርፌ ጀመረለት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ራሱን ሊፈነክተው ደረሰ። እናቱ ከገጠር መጡ። ሌላ ቦታ ሲወሰድ አንዲት ነርስ የሹራቡን ስፌት ገልብጣ አየች። ስፌቱ ውስጥ ቅማል ነበር። ዶክሲሳይክሊን ተሰጠው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሾርባ ጠየቀ። ሴፍትሪያክሶን የፔኒሲሊን ዘመድ ነው፤ ግድግዳ ላይ ነው የሚሠራው፤ ህዋስ ውስጥ የተደበቀን ሪኬትሲያ አያድንም። ዶክሲሳይክሊን ግን ህዋስ ውስጥ ይገባል፣ የባክቴሪያውን ራይቦዞም ይይዛል። ልጁ ያጣው መድኃኒት አልነበረም፤ ትክክለኛ ስም ነው ያጣው።

ሁለቱም ዘንግ ከሆኑ፣ ሁለቱም ግራም ኔጋቲቭ ከሆኑ፣ እንግዲህ ቅርጽና ቀለም አይበቃም ማለት ነው። ይህ ችግር የቆየ ነው። ታላቁ መዳቢ ሊኒየስ በ1767 እነዚህን ጥቃቅን ፍጥረታት «ኬኦስ»፣ ማለትም «ትርምስ» በሚል ስም ነበር የሰበሰባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በቅርጽ ሞከሩ፦ ክብ፣ ዘንግ፣ ጥምዝ። በምግባቸው ሞከሩ። ማን ከማን እንደሚወለድ ግን አልታወቀም። እንበልና ሰዎችን በኮት ቀለማቸው ደረደርናቸው። ለማስታወስ ይመቻል፤ ዝምድናን ግን አይናገርም።

መልሱ ራይቦዞም ውስጥ ነበር። ህይወት ያለው ህዋስ ሁሉ ራይቦዞም አለው፤ ሰውም፣ ጤፍም፣ ሳልሞኔላም። ካርል ዉዝ የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የዚህን ማሽን አንድ ክፍል ከየተሕዋሲው እየወሰደ ፊደሉን፣ ማለትም የተሠራበትን የኬሚካል ቅደም ተከተል፣ አነጻጸረ። ፊደሉ የሚመሳሰል የቅርብ ዘመድ ነው፣ የሚለያይ የሩቅ ነው። ዓመታት ፈጀበት። ፊልም ላይ ያሉ ነጠብጣቦችን መብራት ላይ ዘርግቶ ቀኑን ሙሉ ያነብ ነበር። ከዚያ ሚቴን ጋዝ የሚያመርቱ «ባክቴሪያዎች» ላይ ደረሰ። ፊደላቸው ከባክቴሪያ አይገጥም፤ ከእኛም ወገን አይገጥም። በ1977 ከጆርጅ ፎክስ ጋር ሆነው ሦስተኛ የሕይወት ወገን አለ ብለው አሳተሙ። ዛሬ አርኪያ የምንላቸው ናቸው። ብዙዎች አልተቀበሉትም። የኖቤል ተሸላሚው ሳልቫዶር ሉሪያ ለዉዝ ባልደረባ ለራልፍ ዎልፍ ስልክ ደውሎ ከዚህ ሥራ እንዲርቅ መክሮታል። ዉዝ ግን ልክ ነበር።

አርኪያ ሩቅ አገር ያሉ አይደሉም። የበሬ ጨጓራ ውስጥ ሞልተዋል። ላም ስታመሰኳ የምታገሳው ሚቴን የእነሱ ሥራ ነው። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም በሆነችው አገራችን፣ በረታችን ራሱ የአርኪያ ነው ማለት ይቻላል። ዳሎልም አለላችሁ። እዚያ አካባቢ ባለው ጨው ውስጥ በ2019 የታተመ ጥናት እጅግ ብዙ ዓይነት አርኪያ አግኝቷል። ያው ጥናት ግን አሲዱም ጨውም በጣም የበረታባቸው ባለ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘም። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አግኝቻለሁ ብሏል፤ ክርክር ተነስቶበታል። ሕይወት እስከ የት ትዘልቃለች የሚለው ጥያቄ አፋር ውስጥ እየተጠየቀ ነው። ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ እዚያ ሄዳ እንድትሠራ ምኞቴ ነው።

ቢሾፍቱ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅስ ታውቁታላችሁ? ቀለሙን የሰጠው ስፒሩሊና ነው። ለረጅም ጊዜ «አልጌ» ሲባል ኖሯል። ውስጡ ሲታይ ግን አስኳል የለውም። ባክቴሪያ ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ።

በዚሁ የፊደል ንባብ ሪኬትሲያ ላይም አንድ ነገር ወጣ። ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ ህዋሳችን ውስጥ ኃይል የሚያመርተው ሚቶኮንድሪያ የራሱ ዘረመልና የራሱ ራይቦዞም አለው። ፊደሉ ሲነበብ የሚቀርበው ሪኬትሲያ ወደሚገኝበት የባክቴሪያ ወገን ነው። በጥንት ዘመን አንድ ባክቴሪያ ሌላ ህዋስ ውስጥ ገብቶ ቀረ ማለት ነው። ሊን ማርጉሊስ ይህን ሐሳብ በ1967 ስታሳትም ብዙ መጽሔት መልሶባት ነበር። በአንድ በኩል በቅማል የሚመጣ ገዳይ፣ በሌላ በኩል አሁን ስናገር ጉልበት የሚሰጠኝ ነገር፤ የዘር ግንዳቸው አንድ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

አስኳል ወዳላቸው ስንመጣ ወባን መተው አልችልም። የወባ ተሕዋሲ ባክቴሪያ አይደለም። አስኳል ያለው ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት ነው፣ ከቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ተቀምጦ የሚበላ። ፔኒሲሊን አይነካውም። ዶክሲሳይክሊን ግን ወባን ለመከላከል ይሰጣል። ለምን? ወባው ውስጥ ድሮ ከባክቴሪያ የመጣ፣ የራሱ ራይቦዞም ያለው ትንሽ አካል ቀርቶ ስለተገኘ ነው። መድኃኒቱ የሚይዘው ያችን ቅሪት ነው።

ፈንገስም አስኳል አለው። ጭርትና ቋቁቻ የእሱ ሥራ ናቸው። ግድግዳው እንደ ነፍሳት ቅርፊት ካይቲን አለበት። በዝምድና ከተክል ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ለእኛ ስለሚቀርብም እኛን ሳይጎዳ የሚገድለው መድኃኒት ማግኘት ይከብዳል።

ቫይረስ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ህዋስ አይደለም። ራይቦዞም ስለሌለው ዉዝ በራይቦዞም በሠራው የዝምድና ዛፍ ላይ ቦታ የለውም። ዘረመልና የፕሮቲን ልባስ ነው፤ ሌላ ህዋስ ካልገባ ምንም አይሠራም። ጉንፋን ሲይዛችሁ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አትዋጡ የምላችሁ ለዚህ ነው። አሞክሳሲሊን የሚያፈርሰው ግድግዳ ቫይረስ ላይ የለም። የሚያገኘው ሆዳችሁ ውስጥ ያሉትን ደህና ባክቴሪያዎች ነው፤ የማይሞቱት ደግሞ መድኃኒቱን የለመዱት ይሆናሉ።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ ኑ። አንድ ስላይድ አዘጋጅቻለሁ። ዛሬ ማለዳ ከእናቴ ቡሃቃ ነው የቀዳሁት፤ ሊጡ ላይ የሚቆመው ቢጫ ውሃ፣ እርሾው። በግራም ቀለም ቀባሁት፣ ዘይት ጠብ አደረግኩ፣ በመቶው ሌንስ አስተካከልኩት። ቀስ ብላችሁ ተሰለፉ፣ እማማ ይቅደሙ፣ ወንበሩ ይኸው። አንድ ዓይንዎን ብቻ ያስጠጉ። ትልልቆቹ እንቁላል የመሰሉት ፈንገስ ናቸው። አንዳንዱ ጎኑ ላይ ትንሽ እብጠት አለችው፤ ልጅ እየወለደ ነው። በመካከላቸው እንደ ተበተነ ሰበዝ ያሉት ቀጫጭኖቹ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እንጀራውን የሚያኮመጥጡት። ሁለቱም ወይንጠጅ ናቸው፤ የግራም ቀለም እዚህ ላይ አይለያቸውም። በዝምድና ግን ትልልቆቹ ለባክቴሪያዎቹ ከሚቀርቡት ይልቅ ለእርስዎ ይቀርባሉ። ሲጨርሱ ጎን ላለው ልጅ ቦታ ይልቀቁለት፤ ዊልዋን ግን እንዳይነካት፣ አስተካክያታለሁ።